ለሁሉም ዓይነት ሙዚቃ የሚሆን ስፒከር በትንሽ ገንዘብ፦ የትኛው ይሻላል?

ስፒከር ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ "የምትሰማው ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?" የሚል ነው። የአብዛኞቻችን መልስ ደግሞ "ያገኘሁትን ሁሉ" ነው። ጠዋት ለስለስ ያለ ጃዝ፣ ቤት ሲጸዳ ሬጌ፣ ማታ ሂፕሆፕ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ፒያኖ ብቻውን። ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። ይሄ ለቤዝ ነው፣ ያ ለድምፃዊ ነው፣ ያኛው ለክላሲካል ነው።

እኔ በዚህ ክፍፍል አላምንም። ለሁሉም ሙዚቃ የሚሆን ስፒከር ማለት ለየትኛውም የማያዳላ ስፒከር ነው። ቤዙን አጋንኖ ሂፕሆፕን የሚያሳምር ሳጥን፣ ድምፃዊዋ ስትመጣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ያስመስላታል። ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች "ወይ ጥራት!" ያሰኛል። ሰዓት ሲሞላው ግን ሲምባሉና "ስ" የሚለው ድምፅ ጆሮ መብሳት ይጀምራል፣ ሳታስቡት ቮልዩሙን ትቀንሳላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁም ታጠፉታላችሁ።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የሚባል ተመራማሪ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳለ ሰዎች ስፒከሩን ሳያዩ እንዲሰሙና እንዲመርጡ እያደረገ ለዓመታት አጥንቷል። በኋላም ከሌላ ተመራማሪ፣ ከሾን ኦሊቭ ጋር፣ ሐርማን በሚባል የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ቀጠለበት። ሰዎቹ የድምፅ ባለሙያም ይሁኑ ተራ አድማጭ፣ ስሙንና መጠኑን ሳያዩ ሲሰሙ በአብዛኛው የሚመርጡት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ወፍራሙንም መካከለኛውንም ቀጭኑንም ሳያበላልጥ የሚያወጣ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ያልተዛባ ስፒከር ነው የመረጡት። እያዩ ሲሰሙ ግን ምርጫቸው ተቀያየረ። ትልቅ ሳጥን ዓይን ይሞላል፣ ጆሮም ዓይንን ይከተላል።

አንድ ብቻውን የሚቆም የብሉቱዝ ስፒከርና ከቴሌቪዥን ሥር የሚጋደም ሳውንድባር እዚህ ውድድር ውስጥ አላስገባኋቸውም። ለሽርሽርና ለፊልም ይሁኑ። ግራና ቀኙ ተለይቶ፣ ድምፃዊው መሃል ላይ የቆመ እስኪመስል መስማት የፈለገ ሰው ተራርቀው የሚቀመጡ ሁለት ሳጥኖች ያስፈልጉታል።

አምፕ ውስጡ ያለው ወይስ የሌለው?

የመጀመሪያው ውሳኔ ይሄ ነው። አንዱ ዓይነት ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር (አምፕ) ሳጥኑ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣ ነው። ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ስልካችሁን ወይም ኮምፒውተራችሁን ታገናኛላችሁ፣ አለቀ። ሌላው አምፕ የሌለው ነው፤ ለብቻው አምፕ ገዝታችሁ በገመድ ታገናኙታላችሁ።

አምፕ ያለው በትንሽ ገንዘብ ብዙ ይሰጣል። ፋብሪካው አምፑን ለዚያው ስፒከር ስለሚመጥነው "ይሄ ከዚህ ጋር ይሄዳል?" የሚል ጭንቀት የለም። ችግሩ የሚመጣው ሲበላሽ ነው። ውስጡ ያለችው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከተቃጠለች፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ዉፈርም ቀጭኑን የሚያወጣው ትዊተርም ደህና ሆነው ሙሉ ዕቃው ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። አምፕ የሌለው ስፒከር ደግሞ በደንብ ከተያዘ ከባለቤቱ ጋር ይሸመግላል። አምፑ ቢሞት ሌላ አምፕ ይመጣል። ዛሬ ትንሽ አምፕ ገዝታችሁ ነገ ማሳደግም ትችላላችሁ፣ ደህና ያገለገለ አምፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በርካሽ ይገኛል።

የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ያላችሁ ገንዘብ ትንሽ ከሆነና ሁሉንም በአንዴ መጨረስ ከፈለጋችሁ አምፕ ያለውን ግዙ። ለአሥር ዓመት እያሰባችሁ ከሆነ አምፕ የሌለውን ግዙ፣ ከገንዘቡም ትልቁን ድርሻ ለስፒከሩ አውሉት። ርካሽ ስፒከርን ከውድ አምፕ ጋር ያጋባ ሰው ብዙም አያተርፍም። በአሁኑ ጊዜ ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፖች በመዳፍ የሚያዙ ሆነው ለአንድ ሳሎን የሚበቃ ኃይል ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ርካሾቹ አምፕ ያላቸው ጥንዶች ብዙውን ጊዜ አምፑ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ከእሱ በገመድ ይመገባል። ለስቱዲዮ የተሠሩት ግን አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አምፕ አላቸው፣ ስለዚህ ሁለት ሶኬት ይፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጡትም በነጠላ ስለሆነ ዋጋው የአንዱ ይሁን የሁለቱ አጣሩ።

መጠን፦ 4 ኢንች፣ 5 ኢንች፣ 6.5 ኢንች

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ኢንቹ የዉፈሩ ስፋት ነው።

የሰው ጆሮ የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው ይባላል፤ ኸርዝ ማለት በሴኮንድ ያለው የንዝረት ብዛት ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። ባለ አራት ክር የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ኖታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ባለ አምስት ክሩ እስከ 31 ይወርዳል። የፒያኖ የመጨረሻዋ ዝቅተኛ ቁልፍ 27.5 ናት። በኤሌክትሮኒክና በሂፕሆፕ ሙዚቃ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ኸርዝ ባለው ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። ባለ 4 ኢንች ዉፈር አብዛኛውን ጊዜ ከ70 ወይም ከ80 ኸርዝ በታች ይደክማል። 5 ኢንቹ ወደ 55 ወይም 60 ይጠጋል። ጥሩ 6.5 ኢንች 45 አካባቢ ይደርሳል።

ታዲያ በትንሹ ስፒከር የቤዝ ጊታሩ ለምን ይሰማናል? ምክንያቱም አንድ ኖታ ብቻውን አይመጣም፤ እጥፎቹን ይዞ ነው የሚመጣው። 41 ኸርዝ ባይወጣም 82ቱና 123ቱ ይወጣሉ፣ አእምሯችን የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ዜማው አይጠፋም። የሚጠፋው ክብደቱ ነው፤ ያ ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር። ድምፃዊ፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ዋሽንት የሚበዛበት ሰው ይሄ ብዙም አይጎድለውም። ሬጌ የሚወድ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ወለል ላይ የሚቆሙትስ? ገንዘብ ካለ ደስ ይላሉ። በትንሽ በጀት ግን አልመክርም። ከተመሳሳይ ገንዘብ ላይ ለትልቅ ሳጥንና ለተጨማሪ ዉፈሮች ሲከፈል፣ ለትዊተሩና ድምፁን ለዉፈርና ለትዊተር ለሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር የሚተርፈው ይቀንሳል፤ የሳጥኑ ጣውላም ይሳሳና ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በተመሳሳይ ዋጋ ጥሩ የመደርደሪያ ስፒከር ርካሹን ቁመተ ረጅም ይበልጠዋል ባይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቤዝ ካነሳችሁ ሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዝን ብቻ የሚያወጣ ሳጥን፣ ጨምሩ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለእሱ ስትሰጡት ትንንሾቹ ስፒከሮችም ከከባዱ ሥራ ይገላገላሉ፣ መካከለኛው ድምፅም ይጠራል። ሂፕሆፕና ኤሌክትሮኒክ ለሚያበዛ ሰው 5 ኢንች ከደህና ሰብዉፈር ጋር ከማንኛውም ርካሽ ትልቅ ሳጥን ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ዋት ላይ አትፍዘዙ። በተለይ ፒኤምፒኦ የሚል ጽሑፍ አጠገቡ ያለበትን በሺዎች የሚቆጠር ዋት ካያችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉት፤ ምንም የማይነግር ቁጥር ነው። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል፣ ፈልጉ። ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ የጮኸ የሚመስለው ደግሞ 10 ዴሲቤል አካባቢ ሲጨምር ነው፣ ያ ማለት አሥር እጥፍ ኃይል። ስለዚህ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ማስታወቂያው እንደሚለው አይደለም።

ከዋት ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን፣ ማለትም ስፒከሩ በተመሳሳይ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግረውን፣ እዩ። በዴሲቤል ነው የሚጻፈው። 85 የሆነ ስፒከር 88 ከሆነው እኩል እንዲጮህ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ትንሽ አምፕ ያለው ሰው 87 እና ከዚያ በላይ ያለውን ቢመርጥ ይቀልለዋል። ኦሙንም (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከአምፑ ጋር አስተያዩ፤ 4 ኦም ስፒከር ለ8 ኦም ብቻ የተሠራ አምፕን ሊያሞቀው ይችላል።

የኸርዙ ቁጥር ደግሞ ተንኮል አለበት። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ5 የሚባለው የስቱዲዮ ስፒከር ከ54 ኸርዝ ጀምሮ ይላል። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ስታነቡ ግን 54 የሆነው ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲቀንስ ነው፤ በ3 ዴሲቤል ልኬት 74 ነው። ያማሃ ሁለቱንም መጻፉ ያስመሰግነዋል። ብዙዎች ለእነሱ የሚያምረውን ብቻ ይጽፋሉ። ሁለት ስፒከሮችን በዚህ ቁጥር ስታወዳድሩ ልኬቱ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ አለበለዚያ ያወዳደራችሁት ማስታወቂያውን ነው።

አሁን በስም እንጥራቸው

ኤዲፋየር አር1280ቲ። አምፕ ያለው፣ 4 ኢንች፣ 42 ዋት። ጎኑ ላይ የቤዝና የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) መቆጣጠሪያ አለው፤ ይሄ ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ከሁሉ አስቀድሞ ቤዙን ነው የሚያጣው። ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ያቺ የቤዝ መቆጣጠሪያ ናት ሙዚቃውን የምታድነው። ፋብሪካው ራሱ 75 ኸርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ለመኝታ ክፍልና ለጠረጴዛ እንጂ ለትልቅ ሳሎን አይሆንም። ብሉቱዝ የለውም፤ ብሉቱዝና ኦፕቲካል የፈለገ አር1280ዲቢ የሚለውን ይውሰድ።

ጄቢኤል 305ፒ ማርክ 2። የስቱዲዮ ነው፣ 5 ኢንች፣ 82 ዋት። በ3 ዴሲቤል ልኬት 49 ኸርዝ ይደርሳል፤ ለመጠኑ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ የተስተካከለ ስለሆነ ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ብላችሁ ብትቀመጡም ብዙም አይለወጥም። ከኤችኤስ5 ጋር ካወዳደርኩት ለቤት ሙዚቃ ይሄን እመርጣለሁ። ኤችኤስ5 የቅጂን ጉድለት ለማውጣት ጎበዝ ነው፤ ለሚሠራበት ሰው ጥሩ፣ ተጋድሞ ለሚሰማ ሰው ግን ደረቅ። የጄቢኤሉ ችግር ሙዚቃው ሲቆም በቅርብ የምትሰማ "ሽሽሽ" የምትል ድምፅ መኖሯ ነው። ሌላው፣ ሁለቱም የተራ ስቴሪዮ ቀይና ነጭ መግቢያ የላቸውም፣ ብሉቱዝም የለም፤ ተስማሚ ገመድና ቢቻል ትንሽ የድምፅ መቆጣጠሪያ ይጠይቃሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት አምፕ የሌላቸው ናቸው።

ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5። ሦስት ድምፅ ማውጫ ያለው፣ 87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም። ለዋጋው ብዙ ይሰጣል፣ ትንሽ አምፕ ያንቀሳቅሰዋል። ላይኛው ድምፁ ትንሽ ደመቅ ይላል፤ ያረጀና የሚጮህ ቅጂ የሚያበዛ ሰው ያስብበት።

ኪው አኮስቲክስ 3020አይ እና 3030አይ። የሁለቱ ልዩነት መጠን ነው፤ 5 ኢንች እና 6.5 ኢንች። እንደ ፋብሪካው ትንሹ 64፣ ትልቁ 46 ኸርዝ ይደርሳል። ለስላሳ ናቸው። ትዊተራቸው አይበሳም፣ የተበላሸ ቅጂንም ይታገሳሉ። ሮክ ሲሰማ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ትንሽ እንዲነክሰው የሚፈልግ ሰው ግን "ምነው ተኛ?" ሊል ይችላል።

ኤላክ ዴቡት 2.0 ቢ6.2። አንድሩ ጆንስ የነደፈው፣ 6.5 ኢንች፣ 87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ እስከ 44 ኸርዝ። ለሁሉም ሙዚቃ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምለው። መካከለኛው ድምፅ፣ ማለትም ድምፃዊና ሳክስፎን ያሉበት፣ አይገፋም አይሸሽም። ቤዙ ለሬጌ ይበቃል። ቤዙን የሚያግዘው የአየር ቀዳዳ ከፊት ስለሆነ ግድግዳ አጠገብ ማስቀመጥ ለተገደደ ሰው ይመቻል። ሰፋ ያለ ሳጥን ነው፣ ጠባብ መደርደሪያ ላይ አይገባም፣ ደከም ያለ አምፕም አይወድም።

ዋርፍዴል ዳይመንድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየታደሰ የመጣ ቤተሰብ ነው፤ ሞቅ ያለና የማያደክም ድምፅ ላይ ነው ስሙ የተገነባው። ኬፍ ደግሞ ትዊተሩን ዉፈሩ መሃል ላይ የሚያስቀምጥበትን ዩኒኪው የሚባል ንድፍ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይዞታል። ሁለቱም ድምፆች ከአንድ ቦታ ስለሚወጡ ሰፊ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ብትሰሙም ድምፁ ይያያዛል። የኬፍን ኪው የሚባል ቤተሰብ ትንሹን ስፒከር ዋጋው ወርዶ ካገኛችሁት ከኤላኩ ጋር ቁጭ አድርጋችሁ አወዳድሩት።

ስትሞክሩ እንዲህ አድርጉ

ከመግዛታችሁ በፊት መስማት ከቻላችሁ፣ በደንብ የምታውቋቸውን አራት አምስት ዘፈኖች ያዙ። ሻጩ የሚያጫውተውን አትስሙ፤ እሱ ስፒከሩን የሚያሳምረውን ነው የመረጠው። አንዱ ድምፃዊ የጎላበት ይሁን፣ አንዱ ብዙ መሣሪያ በአንዴ የሚሰማበት፣ አንዱ ወደ ታች የሚወርድ ቤዝ ያለው፣ አንዱ ደግሞ ቅጂው እምብዛም የሆነ። የመጨረሻው ዋናው ነው። ጥሩ ቅጂን ማንም ያሳምራል።

የሁለቱን ስፒከሮች ጩኸት አስተካክሉ። ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ልዩነቱ 1 ዴሲቤል ብቻ ቢሆንም። ከዚያ አንዱን አጥፍታችሁ በነጠላ ስሙ። ቱል እንዳሳየው ጉድለት በስቴሪዮ ይደበቃል፣ በነጠላ ይጋለጣል። ወንድ ሲያወራ ስሙት፣ ሬዲዮም ይሁን ሌላ። ደረቱ የተነፋ ወይም አፍንጫው የታፈነ ከመሰለ፣ ያ ስፒከር ለሙዚቃም እንደዚያው ነው።

አቀማመጥ

በሁለት ጥሩ ስፒከሮች መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ጥግ ላይ በተወሸቀና በደንብ በተቀመጠ ስፒከር መካከል ያለው ይበልጣል። ይሄ በነጻ ነው የሚገኘው።

ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ትዊተሩ ከጆሮ ጋር ይተካከል፤ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ከፊቱ ቀና አድርጉት። ግድግዳና ጥግ ቤዝን ያሳብጣሉ። ቀዳዳው ከኋላ ያለ ስፒከር ደግሞ ቢቻል ትንሽ ርቀት ይሰጠው።

የክፍሉም ጉዳይ አለ። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በ43 ኸርዝ አካባቢ የራሱ ጩኸት አለው፤ የድምፅን ፍጥነት፣ 343ን፣ ለርዝመቱ እጥፍ ማካፈል ነው። ይሄ ደግሞ ከቤዝ ጊታሩ ዝቅተኛ ኖታ አጠገብ ነው። ግድግዳውን ተደግፋችሁ ከተቀመጣችሁ ያቺ ኖታ ቤቱን ታናጋለች፣ በርዝመቱ መሃል ከተቀመጣችሁ ትጠፋለች። "ስፒከሩ ቤዝ የለውም" ከማለታችሁ በፊት ወንበሩን ግማሽ ሜትር ገፋ አድርጉት። ባዶ ክፍል ደግሞ ያስተጋባል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና የተሞላ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከብዙ ውድ ዕቃ የተሻለ ያግዛሉ።

ያገለገለ ከሆነ

ጥሩ መንገድ ነው፣ ግን ዉፈሩን የሚከበውን ቀለበት እዩ። ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ ጎማ ይቆያል። በጣቶቻችሁ ኮኑን በቀስታ፣ እኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። የሚፋተግ ድምፅ ካሰማ ተዉት። ሁለቱንም ትዊተሮች ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ለየብቻ ስሙ፤ አንዱ ዝም ያለ ከሆነ ሙዚቃ እየተጫወተ ሳለ ከሩቅ ላይታወቃችሁ ይችላል።

ገመድ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ለተለመደ ክፍል 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ተራ የመዳብ ገመድ በቂ ነው፣ ርቀቱ ከበዛ 2.5። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘታችሁን ግን ደጋግማችሁ እዩ። አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገላበጠ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ቤዙ ይከሳል፣ ድምፃዊውም መሃል ላይ መቆሙ ይቀርና ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። አዲስ ስፒከር ቤት ገብቶ እንዲህ ካደረገ፣ ካርቶኑ ውስጥ መልሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት ገመዱን እዩት።